እስከ ወፍጮ ቤቱ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር

በቢሯችን የሬዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በግራ በኩል መኪኖቻችን የሚሄዱባቸው ቦታዎች ስም፣ በቀኝ በኩል ከጋምቤላ ያላቸው ርቀት ተጽፏል። መጀመሪያ ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ ሰው የለም። ቀለሙ ሲደበዝዝ አኬሎ በማርከር ትደግመዋለች። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ «ወፍጮ ቤት 21» ይላል። አኬሎ ሁለት ዓመት ሙሉ የሮጠችው ይህችን ቁጥር ተማምና ነው። ስለ እሷ ልጽፍ ነው የተነሳሁት፤ ንዴቴ ገና ስላልበረደ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ታገሡኝ። ከንዴቱም ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

አኬሎ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው። አፏን የፈታችው በአኝዋክኛ ነው፤ ኑዌርኛን ከጎረቤት፣ አማርኛን ከገበያና እንደኔ ካሉ የሰፋሪ ልጆች ተማረች። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከያዝኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ክፍላችን ጎን ለጎን ነው፤ መካከላችን ያለው ኮምፖርሳቶ ስለሆነ ብታስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የምላት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ሥራዋ ይህ ነው። መኪና ከግቢ ሲወጣ፣ ቦታው ሲደርስ፣ ሲመለስ ሾፌሩ በሬዲዮ ይነግራታል፤ እሷ ትመዘግባለች። የኛ መንገድ በክረምት መኪና ይውጣል፤ ሌላም ሌላም አለበት፤ ስለዚህ ማን የት እንዳለ ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥሪ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለተኛው አራት ሰዓት ላይ። በመካከሉ ከወንበሯ መነሳት የለም። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እኔን ተክታ ነው። እንዲህ ሆና ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች።

አንድ ቀን በኮምፖርሳቶው በኩል ተጣራች።

«ሺታዬ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አራት እኔ ቁጭ። መኪናው ሄዶ፣ አራግፎ፣ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ቁጭ። ሰው በእግሩ በዚህ ሰዓት የት ይደርሳል?»

«እኔ እንጃ። ተነሺና እይዋ!» አልኳት፤ ለቀልድ ነው።

ለካ ከልቧ ኖሯል። በዚያው ሰሞን ስለ አዲስ አበባው ማራቶን በሬዲዮ ሰማች። ሩጫው የሚነሳው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ማሸነፍ አላማራትም፤ ሜዳሊያም አላለችም። «አሥራ ሁለት ተነስቼ ከአራት በፊት እገባለሁ» አለች፤ በቃ። ትምህርት ቤት ሳለች የስፖርት መምህሯ ቁመቷን ሽቅብ አይቶ «አንቺ ቅርጫት ኳስ ተጫወቺ፣ ሩጫውን ለደገኛ ተይው» ብሏት ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር ስታወራው ዛሬ ጠዋት የሰማችው ይመስላል። ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችባቸውን እነዚያን አራት ሰዓቶች አንድ ቀን ሮጣ ልትጨርሳቸው ፈለገች። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከአንድ መቶ ዘጠና አምስት ሜትር፣ ከአራት ሰዓት በታች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

የሱፍን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። የሱፍ የቢሯችን ሾፌር ነው፤ መኪና ሦስትን የሚነዳው እሱ ነው። የኔና የእሱ አባቶች ከወሎ በአንድ አውቶቡስ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። በአቦቦ መንገድ ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ አብረን በቆሎ እየጠበቅን ነው ያደግነው። ወፍጮ ቤቱም ያለው እዚያችው መንደር መግቢያ ላይ ነው። የሱፍ ደግ ሰው ነው፤ ይህን የምለው አሁንም ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

አኬሎ የምትሮጥበትን መንገድ የመረጠች ዕለት ሦስታችንም ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነበርን። ሰሌዳውን በጣቷ እያሳየች ጠየቀችው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ናት፤ ርቀት የምትለካበት ሌላ መሣሪያ የላትም።

«የሱፍ፣ ወፍጮ ቤት እውነት ሃያ አንድ ነው? ደርሼ ብመለስ አርባ ሁለት?»

«ሃያ አንድ ነው» አለ የሱፍ። «መቶ ጊዜ ተመላልሼበት ላጣው?»

ሻዩን ፉት እያለ ነው ይህን ያለው። ትን እንኳ አላለውም።

የቀረችው መቶ ዘጠና አምስት ሜትር ነበረች። አኬሎ እሷን በግምት አላልፍም ብላ ከግምጃ ቤት ሜትር አስወጣችኝ። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ፣ እሷ ሌላውን ይዛ፣ ከግቢው በር እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ለካን። ስልሳ አምስት ሜትር ሆነ። ሦስት ጊዜ ስልሳ አምስት መቶ ዘጠና አምስት ነው። ደስታዋን ብታዩ! ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ወፍጮ ቤት ደርሳ ከተመለሰች በኋላ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ከበሩ እስከ ሮቶው ሦስት ጊዜ ትሮጣለች። ዘበኛው መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የመታት መስሎት ነበር።

ቅዳሜ ተረኛዋ ሌላ ናት። አኬሎ ኒውላንድ ከሚባለው ሰፈሯ ተነስታ ቢሮው በር ድረስ ትመጣለች፤ ሙቀቱ ሳይነሳ በአሥራ አንድ ሰዓት ጉዞ ትጀምራለች። የሱፍ በራሱ ሞተር ይከተላታል። ማንም አላስገደደውም፤ «እህቴ ብቻዋን በዚያ መንገድ አትሮጥም» ብሎ ራሱ ነው የመጣው። ሎሚና ጨው የገባበት ውሃ በቢጫ ጀሪካን ከኋላው ያስራል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቀድሟት ይቆምና በላስቲክ ኩባያ ያቀብላታል። እሱ አምስት ኪሎ ሜትር የሚለውን ማለቴ ነው። ወፍጮ ቤት ስትደርስ የበሩን መቃን በመዳፏ መታ አድርጋ ትመለሳለች። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ለምደዋት፣ መቃኑ ላይ የእጇ ወዝ ቦታ አበጅቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ መንገዱን ካልዘጋው በቀር፣ የሱፍ አንድ ቅዳሜ አልቀረም። በረመዳን እንኳ እሱ ጾሞ እሷን ያጠጣት ነበር።

የመጀመሪያው ሩጫዋ አራት ሰዓት ከአርባ ነበር። ቀስ እያለች አራት ከአሥራ ሁለት ገባች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት የገባች ዕለት ከሮቶው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ገና ሳትቀመጥ ነበር ደውላ ሰዓቷን የምትነግረኝ፤ ትንፋሿን እየሰማሁ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ አብሬያት አለከልካለሁ። የመጨረሻው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አራት ሆነ። በቤተ ክርስቲያኗ ወጥታ ተናገረች፤ ጉባኤው ጸለየላት፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑባት። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ዳቦ ተቆረሰ። ቢላዋውን የያዘው የሱፍ ነበር።

የዓመት ፈቃዷን ሁሉ ወስዳ፣ አየሩን ልልመደው ብላ ሁለት ሳምንት ቀድማ አዲስ አበባ ገባች። ያጎቷ ልጅ ጋ አርፋ በየጠዋቱ በብርድ ተለማመደች። የሩጫው ዕለት እሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሱ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እስከ ሃያ አንድ ድረስ ሁሉም እንደ ቅዳሜዋ ነበር። ሠላሳም ደኅና አለፈች። ሠላሳ ሰባት የሚል ምልክት ላይ ስትደርስ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት። ለመግባት የቀራት አራት ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ግን አምስት ኪሎ ሜትር ቀርቶታል።

«እግሬ እዚያ ቆመ፣ ሺታዬ» አለችኝ። «ድካም አይደለም። ቤት የገባ ሰው እንደሚቆም ቆመ። እኔ ሂድ እለዋለሁ፣ እሱ ደርሰናል ይለኛል።»

እየተጎተተች በአራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ገባች።

ስትመለስ ከአየር ማረፊያ የተቀበላት የሱፍ ነው፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። መኪናው ውስጥ ያንኑ ነገር ደጋግማ ጠየቀች፤ «ሠላሳ ሰባት ላይ ለምን? የኔ የጋምቤላ ሰዓት ለምን ሠላሳ ሰባት ላይ መጣ?» የሱፍ መሪውን ይዞ መንገዱን መንገዱን እያየ፣ «አየሩ ነው እህቴ! እዚያ አገር ትንፋሽ የለም» አላት። እኔም «አየሩ ነው» አልኩ። በቤተ ክርስቲያኗም «አየሩ ነው» አሏት። እኛ የማናውቀውን ነበር የምናወራው፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። ያን ቀን መኪናውን አቁሞ ቢነግራት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

አኬሎ አየሩን አላመነችም፤ ያመነችው የራሷን ድክመት ነው። «መምህሩ ልክ ነው። እኔ ለሩጫ አይደለሁም» አለች። ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከሬዲዮው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ረፋድ መተኛት ጀመረች። ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፊቷን ማየት ሆድ ያባባል። የሱፍ በዚያ ሰሞን ማንጎ ያመጣላት ነበር፤ በየቀኑ፣ በፌስታል።

በሦስተኛው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው በመኪኖቹ ሁሉ ላይ የሚከታተል መሣሪያ ገጠሙ። ማሳያው ስክሪን የተተከለው አኬሎ ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናው የት እንዳለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ቁጭ ብላ ታያለች። ሐሙስ ቀን የሱፍ እህል ሊያደርስ ወጣ። በሬዲዮ «ወፍጮ ቤት ደርሻለሁ» አለ። ስክሪኑ አሥራ ስምንት ነጥብ አምስት ይላል።

«መኪና ሦስት፣ ያለህበትን ድገም» አለችው።

«ወፍጮ ቤት በር ላይ ነኝ።»

«በሩ ላይ?»

የሱፍ ሬዲዮውን ዘጋ። ሬዲዮው አንድ መስመር ስለሆነ ሌሎቹ ሾፌሮችም በያሉበት ሰምተዋል።

አኬሎ ጠራችኝና፣ «መሣሪያው ገና በሳምንቱ ተበላሸ፣ እይልኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ኦባንግ የሚባለው ሾፌራችን ቁልፍ ሊያስረክብ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ደኅና ነው መሣሪያው። ሰሌዳው ነው የወፈረው» አለ።

አሁንም እየሳቀ አስረዳት። በፊት፣ እኛ ሳንቀጠር፣ ሾፌሮቹ መንገዱን ሁሉ ትንሽ ትንሽ አስረዝመው አጻፉት። ናፍጣ የሚታደለው በኪሎ ሜትሩ ልክ ስለሆነ፣ ያልተሄደበት መንገድ ናፍጣ ይተርፋል። የተረፈውን በቤንዚን ለውጠው የየራሳቸውን ሞተር ይሞላሉ። አዲስ የመጣ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው። ኦባንግ ወሬውን እንዳጋመሰ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ጫማ አየ። ሳቁን ዋጠና ቁልፉን አስቀምጦ ወጣ።

አኬሎ ቁርጥራጭ ወረቀት ሳበች። አሥራ ስምንት ነጥብ አምስትን ሁለት ጊዜ ጽፋ ደመረች። ሠላሳ ሰባት። ሒሳቡ የሕፃን ልጅ ነው፤ እሷ ግን ደግማ ደመረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ትንሽ እንደሚጨምሩ ሰምቼ ነበር» አልኳት። «ከአንቺ ሩጫ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም፤ እውነቴን ነው።» እውነቴንም ነበር። ሾፌር ቁጥር እንደሚያወፍር በቢሯችን የማያውቅ የለም፤ እንደ ሙቀቱ ለምደነዋል። ያ ቁጥር ግን የሰው እግር ሥር ይገባል ብሎ ማን ያስባል? ደግሞስ ያደግኩበት መንገድ አይደለም ወይ? ከተማ ደርሼ ለመመለስ ያለቀው ጫማዬ ብዛቱ! አንድ ቀን ስንት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«መቶ ዘጠና አምስቷን ስለካ ሜትሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ።

የሱፍ ሲመለስ ቁልፍ በሌላ ሰው ልኮ ሊሾልክ ይችል ነበር፤ ግን መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ወላሂ አላሰብኩትም፣ አለ። የጠየቅሽኝ ዕለት ብነግርሽ የአምስት ሾፌር እንጀራ ይቆረጥ ነበር፣ አለ። አኬሎ ሰሌዳውን እያየች ታዳምጠዋለች።

«ኋላስ?» አለችው።

«ኋላማ ሦስት ከሃምሳ ስምንት ገባሽ። ስታለቅሺ አየሁሽ። ያን ደስታ እንዴት ልቀማሽ? ለአንቺ ብዬ ነው፣ አኬሎ።»

«ለኔ ብለህ።» ዞር ብላ አየችው። «ውሃ ያመጣልኝ ሞተር የሚጠጣው ምን ነበር? የኔን አምስት ኪሎ ሜትር አይደለም? እኔ በእግሬ፣ አንተ በኔ መንገድ ላይ ተቀምጠህ። በየቅዳሜው ኩባያውን ከእጅህ ስቀበል ‹እግዜር ይስጥልኝ የሱፍ› እልሃለሁ። አንተ ‹አሜን› ትለኛለህ።»

የሱፍ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነው፤ አይቼዋለሁ። አንጀቴ ግን አልራራለትም። «አየሩ ነው» ያለበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «21» ተጠርጎ «18.5» ተጽፎ አገኘሁት። ሌሎቹንም መኪኖቹ በደረሱ ቁጥር አንድ በአንድ አረመቻቸው። ከሥር አንድ አዲስ መስመር ጨምራለች፤ «ድልድዩ 21»። ድልድዩ ከወፍጮ ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል አልፎ ነው፤ የእኛ መኪና እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ጫማም የለም።

ለቅዳሜ ለእናቴ በቆሎ ላስፈጭ ወደ መንደር ወጣሁ። በቆሎው ምክንያት ነው፤ ልጠብቃት ነው የሄድኩት። አንድ ማሰሮ ውሃ አዘጋጅቼ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የሱፍም ሞተሩን አቁሞ፣ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ማንም አልጠራውም። እኔና እሱ ሰላም አልተባባልንም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጣች። ብቻዋን። የሱፍ ኩባያውን ሞልቶ እጁን ዘረጋ። እሷ መቃኑንም አልነካችም፣ እኔንም አላየችም፣ ፍጥነቷንም አልቀነሰችም፤ አለፈች። የወፍጮው ባለቤት ለሁለት ዓመት የለመደውን ሲያጣ ጊዜ «ኧረ ተሳሳተች!» ብሎ ጮኸ። እኛ ሁለታችን መሬት መሬት አየን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ከድልድዩ ስትመለስ የሱፍ ኩባያውን እንደያዘ መንገዱ መሀል ገብቶ ነበር። በቅዳሜ ሩጫዋ ቆማ የማታውቀው አኬሎ ቆመች። ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«ከዚህ እስከ ቢሮ ስንት ነው?» አለችው።

«አኬሎ፣ እህቴ...»

«ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት ተኩል።»

አየችው፤ ረዘም አድርጋ። «እንዲህ አጭር መልስ ነበር» አለች። በኩባያው ጎን አልፋ ሄደች። እኔ ማሰሮዬን ይዤ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄድኩ፤ ከእኔም አልተቀበለችም።

ያን ቀን ትደውላለች ብዬ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም፤ አልደወለችም። ሰኞ ጠዋት ግቢ ስገባ ዘበኛው ጠራኝ። ቅዳሜ ከበሩ እስከ ሮቶው ሦስቱንም ጊዜ ሮጣ፣ ቧንቧ ከፍታ ራሷ ጠጥታ፣ ሰዓቷን እንዲያነብላት ጠየቀችው። ላቡ ዓይኗ ገብቶ አላሳይ ብሏት ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ነበር። ዘበኛው ይህን ሲያወራኝ፣ እንደ ወትሮው ደውላ የነገረችኝ መስሎት ነበር።